የቤተሰብ ቤትና ቦታን ውጭ አገር ላለ ልጅ ወይም ዘመድ ማዛወር፦ ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ አዲሱ ካርታ

እናት አዲስ አበባ ናቸው፤ ልጅ ሜሪላንድ። ካርታው እስካሁን በአባት ስም ነው፤ አባት ካረፉ ዓመታት ተቆጥረዋል። ግብሩን በየዓመቱ የሚከፍለው ግቢ ውስጥ የሚኖረው የአክስት ልጅ ነው። አንድ ቀን በስልክ ጨዋታ መሀል «ቤቱን በስምሽ እናድርገው እንጂ» ይባልና ነገሩ ይጀመራል።

ብዙ ሰው ወዲያው የሚጠይቀው «ውክልና ልላክ?» ብሎ ነው። ውክልና ግን በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ከሱ በፊት መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች አሉ፦ የሚተላለፈው ምንድን ነው? ተቀባዩ የየት አገር ዜጋ ነው? «እሰጣለሁ» የሚለው ሰውስ በእርግጥ የሚሰጠው ነገር በእጁ አለ? እነዚህ ሳይጣሩ የተላከ ውክልና፣ ውልና ውክልና የሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት (ሰነዶች ማረጋገጫ) ደርሶ ይመለሳል። ካልተመለሰ ደግሞ የባሰ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት የሚያፈርሰው ዝውውር ይወጣዋል።

ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ስለ ከተማ ቤትና ቦታ ነው፤ ምሳሌውም አዲስ አበባ። በክልል ከተሞች የቢሮው ስምና ክፍያው ይለያያል እንጂ አካሄዱ ይቀራረባል። የገጠር መሬት ሕጉም አሠራሩም ሌላ ስለሆነ ወደ ኋላ ለብቻው ተቀምጧል።

1. ካርታውን አውጥተው ያንብቡ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የእርስዎ ንብረት የሚባለው መሬቱ ላይ የቆመው ቤትና ያደረጉት ቋሚ ማሻሻያ ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ «250 ካሬ ሜትር መሬቴን ለልጄ ሰጥቻለሁ» ተብሎ አይጻፍም፤ «በዚህ የካርታ ቁጥር የሚታወቀውን መኖሪያ ቤቴን ከነይዞታ መብቱ» ይባላል።

ከካርታው ላይ የሚፈለገው ዋናው ነገር የይዞታው ዓይነት ነው፦ ነባር (ከሊዝ ሥርዓት ውጪ በቆየ አያያዝ የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት በውል፣ ለተወሰነ ዘመንና በክፍያ የተያዘ)? የዚህን ጥያቄ መልስ ደረጃ 4 ላይ እንፈልገዋለን፤ ብዙ ገንዘብ የሚያስቀምጠው ወይም የሚያስወጣው እሱ ነው። ቦታው በሊዝ የተያዘ ሆኖ ግንባታው ካልተጀመረ ወይም ግማሽ ካልደረሰ፣ ከውርስ በቀር እንዲሁ ማስተላለፍ አይቻልም፤ የሊዝ አዋጁ የተለየ ሥርዓት አስቀምጦለታል። ካርታ ጭራሽ ከሌለ፣ ማለትም ሰነድ አልባ ከሆነ፣ ዝውውሩን ይርሱትና መጀመሪያ ይዞታውን ያስረጋግጡ። ያልተረጋገጠ ይዞታን በስጦታ ውል ማስተላለፍ ተቀባዩን ከክርክር በቀር ምንም አያተርፈውም።

2. የተቀባዩ ፓስፖርት ምን ይላል?

ተቀባዩ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዘ፣ ጂዳም ይሁን ዱባይ፣ ግሪን ካርድም ይኑረው፣ ጉዳዩ አገር ቤት ካለ ሰው አይለይም። ፓስፖርቱ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ፤ ቆንስላዎች ባለፈበት ፓስፖርት ውክልና አይሰጡም። በገልፍ አገሮች ብዙ ሰው የሚቆመው እዚህ ጋ ነውና እድሳቱ ይቅደም።

የሌላ አገር ዜግነት ከወሰደ ግን ነገሩ ይለወጣል። በዜግነት አዋጁ (378/1996) መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 390 ደግሞ የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክላል። መውጫው ቢጫ ካርድ የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ነው። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ካርዱ ላለው ሰው ይህን ክልከላ አንስቶለታል። ራሱ ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረ ብቻ ሳይሆን ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰውም ካርዱን ማውጣት ይችላል፤ እዚያ የተወለዱት ልጆችም አይቀሩም ማለት ነው። የሚሰጡት ኤምባሲዎችና አዲስ አበባ ያለው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ናቸው።

በ2017 ዓ.ም. የውጭ ዜጎች የቤት ባለቤት እንዲሆኑ የሚፈቅድ አዋጅ ወጥቷል፤ «እንግዲህ ቢጫ ካርድ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ያ በር የተከፈተው ቢያንስ 150 ሺህ ዶላር ይዞ ለሚመጣ ሰው ነው። ለእናት ቤት ቢጫ ካርዱ ይበልጣል። ካርዱ የሚወጣው ደግሞ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ነው፤ ተፈርሞ «ካርዱ እየመጣ ነው» ማለት አይሠራም።

3. ሰጪው ምን ያህሉን መስጠት ይችላል?

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

ወደ መጀመሪያው ምሳሌ እንመለስና፣ እናትና አባት ቤቱን በጋብቻ ላይ እያሉ ሠሩት እንበል። አባት ሲሞቱ ግማሹ የእናት ነው፤ የሚስትነት ድርሻቸው እንጂ ውርስ አይደለም። ሌላው ግማሽ የአባት ውርስ ነው፤ ኑዛዜ ከሌለ ለልጆቻቸው እኩል ይከፋፈላል። በሕጋችን የትዳር ጓደኛ ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይሆንም። ልጆቹ አራት ከሆኑ እያንዳንዱ የቤቱ አንድ ስምንተኛ አለው። እናት «ቤቱ የኔ ነው፣ ለትልቋ ልጄ ሰጥቻለሁ» ሊሉ ይችላሉ፤ መስጠት የሚችሉት ግን ግማሹን ነው። ቀሪው ላይ ሦስቱ ወንድምና እህቶች ካልተስማሙ ሜሪላንድ ያለችው ልጅ ብቻዋን ካርታ አታገኝም።

ስለዚህ ካርታው በሟች ስም ከሆነ ሥራው የሚጀመረው ከወራሽነት ማረጋገጫ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሰጡት የከተማዋ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶች ናቸው። የሞት የምስክር ወረቀት፣ ዝምድናን የሚያሳይ ማስረጃና ምስክሮች ይቀርባሉ፤ ፍርድ ቤቱ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በጋዜጣ እንዲወጣ ሊያዝ ይችላል። ውጭ ያለው ልጅ ስሙ ማመልከቻው ላይ መኖሩን ራሱ ያጣራ። «እሱ አሜሪካ ነው፣ አያስፈልገውም» ተብሎ የተዘለለ ወራሽ ጥቂት አይደለም። የተዘለለ ሰው ደግሞ መተኛት የለበትም፤ መብቱን አውቆ፣ ሌላው ውርሱን መያዙን እያየ 3 ዓመት ዝም ካለ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 ክሱ በይርጋ (የመክሰሻ ጊዜው አልፏል ተብሎ) ሊዘጋበት ይችላል።

ወንድምና እህቶች ድርሻቸውን ለአንዷ ለመልቀቅ ከተስማሙ በቃል አይቅር። የክፍፍል ስምምነት ተጽፎ፣ ሁሉም ፈርመው፣ በፍርድ ቤት ቢጸድቅ ይመረጣል። ውርሱን «አልፈልግም» ብሎ መተው ግን ሌላ ነገር ነው፤ የተተወው ድርሻ ለሌሎቹ ወራሾች በሙሉ ይሄዳል እንጂ ለተፈለገችው ልጅ ብቻ አይሄድም።

ሁለቱም ወላጆች በሕይወት ካሉ ጉዳዩ አጭር ነው፦ ሁለቱም ይፈርሙ። ካርታው ላይ የአባት ስም ብቻ ቢኖርም የጋራ ቤትን ለማስተላለፍ የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል (የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68)። ብቻውን የሚፈርም ሰው ያላገባ ወይም የትዳር ጓደኛው የሞተበት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል።

4. በስጦታ ወይስ በኑዛዜ?

ቅድም ያቆየነው የነባርና የሊዝ ጉዳይ እዚህ ይመጣል። በሊዝ አዋጁ (721/2004) አንቀጽ 6 መሠረት በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጪ በሌላ በማንኛውም መንገድ ሲተላለፍ ተቀባዩ ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። ስጦታም «ሌላ መንገድ» ነው። በውርስ ያገኘ ልጅ ግን ነባርነቱን እንደያዘ ይቀጥላል። ሰፊ ግቢ ያለው፣ ለመሀል ከተማ የቀረበ ነባር ቤት ከሆነ ይህ ልዩነት ቀላል ገንዘብ አይደለም። ውል ከመፈረም በፊት ክፍለ ከተማ ሄዶ «በስጦታ ቢዛወር የሊዙ ሂሳብ ስንት ይመጣል?» ብሎ ማስላት ይገባል። ወንድምና እህቶች ለአንዷ የለቀቁበትን የክፍፍል ስምምነት እንደ ውርስ ያዩት እንደሆነም በዚያው ይጠየቅ።

ስጦታ ያለቀለት ነገር ነው። እናት በሕይወት እያሉ ካርታው ይዞራል፤ በኋላ ወንድማማች የሚያጣላ ነገር ይቀንሳል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ ኑዛዜ አጻጻፍ ሥርዓት ካልተደረገ አይጸናም (የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2443)። ማለትም የምስክሮቹም ቁጥር ሆነ የመነበቡ ነገር፣ ቀጥሎ የምናየው ሁሉ ለስጦታውም ይሠራል። ተቀባይዋም ስጦታውን «ተቀብያለሁ» ማለት አለባት፤ በወኪል ከሆነ ውክልናው ላይ ይጻፍ። እናት እዚያው ቤት የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ «በሕይወት እስካሉ ድረስ በቤቱ የመኖርና የኪራይ ገቢውን የመጠቀም የአላባ መብታቸው የተጠበቀ ነው» የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ ይግባ። ልጅ እናቱን አያስወጣም፤ ነገር ግን ልጁ ባለዕዳ ሊሆን፣ ሊፋታ ወይም ቀድሞ ሊሞት ይችላል።

ኑዛዜ ነባሩን ይዞታ ያስቀጥላል፤ ተናዛዡም እስኪሞቱ ድረስ ባለቤትነታቸው አይነካም፣ ሐሳባቸውንም መለወጥ ይችላሉ። ችግሩ አጻጻፉ ነው፤ ፍርድ ቤት በዚህ ነገር ይቅርታ አያውቅም። ግልጽ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ፣ መነበቡና ቀኑም ኑዛዜው ላይ ካልተጻፈ ፈራሽ ነው (የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 881)። መነበቡ ብቻ አይበቃም፤ «ተነቧል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ወረቀቱ ላይ መኖር አለበት። መጨረሻው እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦

«ይህ ኑዛዜ ዛሬ (ቀን፣ ወር፣ ዓ.ም.) በእኔ በተናዛዧና ስማቸው ከዚህ በታች በተመለከተው አራት ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ። እኛም ምስክሮች ኑዛዜው በተናዛዧና በሁላችንም ፊት መነበቡን ሰምተን ፈርመናል።»

ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደው የሚፈጽሙት ከሆነ ከምስክሮቹ አንዱ ውል የማዋዋል ሥልጣን ያለው ሰው ሲሆን ሁለት ምስክር ይበቃል። በኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ወይም የትዳር ጓደኛው ምስክር አይሁን። ተናዛዡ በእጃቸው የጻፉት ኑዛዜ ደግሞ በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል፤ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ኑዛዜ ያለው ሰው ዛሬውኑ ቀኑን ይይ።

የኔ ሚዛን ይሄ ነው፦ ይዞታው ሊዝ ከሆነና ቤተሰቡ ከተስማማ ስጦታ፤ ነባር ሆኖ የሊዙ ስሌት ከከበደ በሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ ኑዛዜ። አንድ ሦስተኛ መንገድ በየቤቱ ይመከራል፦ «ለጊዜው በአጎትህ ልጅ ስም ይሁን፣ ስትመጣ ይመልስልሃል»። ይህን አያድርጉት። ካርታ በስሙ ያለው ሰው ባለቤት ነው፤ ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት፣ ባንክ አለበት። ሰውየው የታመነ ቢሆን እንኳ ወራሾቹ የሚያውቁት ካርታውን ነው።

5. ውክልናው

ጠቅላላ ውክልና ቤት ለማስተዳደር እንጂ ቤት ለመስጠት አይበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ማስተላለፍ፣ ስጦታ ማድረግ፣ መታረቅና በፍርድ ቤት መከራከር ልዩ ውክልና ይፈልጋሉ። እያንዳንዱ ሥልጣን በስሙ ይጠራ። ተቀባይዋ ውጭ ሆና ለወንድሟ የምትልከው ውክልና ቢያንስ ይህን ይዘት ይያዝ፦

«በአዲስ አበባ ከተማ በ... ክፍለ ከተማ ወረዳ ... በካርታ ቁጥር ... የተመዘገበውን ቤት እናቴ በስጦታ ሲያስተላልፉልኝ በስሜ ስጦታውን እንዲቀበል፣ የስጦታ ውል እንዲፈርም፣ ስሜ በካርታው ላይ እንዲዛወር እንዲያስፈጽም፣ የሊዝ ውል እንዲፈርም፣ ግብርና ልዩ ልዩ ክፍያ እንዲከፍል፣ ካርታና ማናቸውንም ሰነድ እንዲረከብ፣ በጉዳዩ በማናቸውም ደረጃ ባለ ፍርድ ቤት እንዲከራከርልኝና ጠበቃ እንዲወክልልኝ»

የመሸጥ ሥልጣን አልጨመርኩበትም፤ ሆን ብዬ ነው። ለማዛወር የተላከ ሰው ለመሸጥ ሥልጣን አያስፈልገውም። ለፍርድ ቤት ክርክር የሚወከለው ጠበቃ ካልሆነ የቅርብ ቤተሰብ ቢሆን ይሻላል፤ የአክስት ልጅን ፍርድ ቤቱ ላይቀበለው ይችላል። ጠበቃ የመወከል ሥልጣን የሚጨመረውም ለዚህ ነው።

ውክልናው የሚፈረመው በአቅራቢያ ባለ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ነው፤ ዋሽንግተን፣ ሎስ አንጀለስ፣ ቴል አቪቭ፣ ጂዳ፣ ዱባይ፣ ቤይሩት እያለ ይሄዳል። አሜሪካ ሆኖ በአካል መሄድ ያልቻለ ሰው ኖተሪ ፊት ይፈርማል፤ ከዚያ ወረቀቱ በስቴቱ ሴክሬታሪ፣ በፌዴራሉ ስቴት ዲፓርትመንት፣ በመጨረሻም በኤምባሲው ይረጋገጣል። አንዷ ማህተም ከጎደለች ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ ወረቀቱም ከአዲስ አበባ ተመልሶ ይሄዳል። ዋናው አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፤ ቀጥሎ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ገብቶ ይመዘገባል። በዋትስአፕ የተላከ ፎቶ ለማንበብ ነው፤ ዋናው በፖስታ ወይም በሰው ይምጣ።

ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። እናት ለልጃቸው የማስተላለፍ ውክልና ሰጥተው «ጊዜ ሲኖረን እናዛውረዋለን» ተብሎ ሁለት ዓመት ከተቀመጠና እናት ካረፉ በዚያ ውክልና የሚደረግ ምንም ነገር የለም። ከሞት በኋላ በድሮ ውክልና የተፈጸመ ዝውውር የሚፈርስ ብቻ ሳይሆን በወንጀልም የሚያስጠይቅ ነው። የታመሙ ወይም በዕድሜ የገፉ ሰጪ ካሉ ከሁሉም ወረቀት በፊት የእሳቸው ፊርማ ይቅደም።

6. ስሙ ይመሳሰላል?

ክፍለ ከተማ ላይ ፋይል የሚያስመልሰው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ልደት የምስክር ወረቀቱ ላይ «ወለተማርያም»፣ ቢጫ ካርዱ ላይ «ወ/ማርያም»፤ አሜሪካ የገባችው በአያቷ ስም፣ ዜግነት ስትወስድ ደግሞ የባሏን ስም ጨመረች። የትውልድ ቀንም አለ፤ መስከረም 1 የኛ ተብሎ የተመዘገበው እዚያ መስከረም 1 የፈረንጅ ሆኖ ተጽፏል። ቢጫ ካርዱ፣ ፓስፖርቱ፣ ውክልናውና የስጦታ ውሉ ላይ ያሉትን ስሞች ፊደል በፊደል ጎን ለጎን አስቀምጠው ያመሳክሩ። ስም የተለወጠው በዜግነት ጊዜ ከሆነ የዜግነት ሰርተፍኬቱ ላይ ይታያል፤ በጋብቻ ከሆነ የጋብቻ ወረቀቱ ይረጋገጥ። ሌላው ልዩነት «የሁለቱ ስም ባለቤት አንድ ሰው ነው» የሚል የፍርድ ቤት ማረጋገጫ ይፈልጋል። ውክልናው ሲጻፍ ሁለቱንም ስም «በሌላ ስሜ» ብሎ ማካተት ብዙ መመላለስ ያስቀራል።

7. ክፍለ ከተማ

ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ የታወቀ ነው። ወኪሉ ዋናውን ካርታ፣ የዘመኑን የቤትና ቦታ ግብር ደረሰኝ፣ የስጦታ ውሉን ወይም የወራሽነት ውሳኔውን፣ የተመዘገበውን ውክልና፣ የሁሉንም መታወቂያና የተቀባይዋን ቢጫ ካርድ ይዞ ያመለክታል። በመጀመሪያ ዕዳና እገዳ ይጣራል፦ ባንክ አስይዞት እንደሆነ፣ ፍርድ ቤት አግዶት እንደሆነ ይታያል። ይህን ከውሉም በፊት ማስጣራት ይቻላልና ቢቀድም ይሻላል። ቀጥሎ መሐንዲስ መጥቶ ግቢውን ከካርታው ጋር ያመሳክራል። ካርታ ላይ የሌለ ሰርቪስ ቤት ወይም ወደ መንገድ የወጣ አጥር ካለ እዚህ ላይ ይወጣል፤ ማስተካከያውም ጊዜ ይበላል። የቤቱ ግምት ይሠራና የቴምብር ቀረጡ (ከግምቱ 2 በመቶ) እና የስም ማዛወሪያው ይከፈላል። ውሉ ላይ ትንሽ ዋጋ ቢጻፍም ቢሮው በራሱ ግምት ስለሚሄድ ዋጋ ዝቅ ማድረግ ጥቅም የለውም። አሮጌው ካርታ ይመክናል፤ አዲሱ በተቀባይዋ ስም ይወጣል።

አዲሱን ካርታ ሲረከቡ ከመስኮቱ ሳይርቁ ስሙን፣ ስፋቱንና የይዞታውን ዓይነት ያንብቡ። ስህተት እዚያው ሲያዝ ቀላል ነው።

የገጠር መሬት ከሆነ

እዚህ ላይ ተስፋ መስጠት አይገባም። በፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ (1324/2016) እና በየክልሉ አዋጅ መሠረት የገጠር ይዞታ የተሰጠው በመሬቱ ለሚተዳደር ሰው ነው፤ ስጦታውም ውርሱም ከቤተሰብነትና ከግብርና ጋር የተያያዘ ነው። ቢጫ ካርድ የከተማ ቤት በር ይከፍታል እንጂ ዴንቨር ያለን ሰው ገበሬ አያደርገውም። ጎጃም ወይም አርሲ ያለ የአባት መሬት ላይ የሚያዋጣው ይዞታው አገር ቤት ሆኖ በሚያርሰው ወንድም ወይም እህት ስም በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት እንዲዛወር ማድረግ፣ አረንጓዴ ደብተሩም በስሙ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ውጭ ያለው ልጅ የሚረዳው በዘር፣ በማዳበሪያ፣ በውሃ ሞተር ነው። የአባት ይዞታ ጾሙን እንዲያድር ማድረግ ግን ከሁሉ የከፋው ነው፤ ለዓመታት ያልታረሰና ባለቤቱ የራቀ መሬት ወደ ቀበሌው ሊመለስ ይችላል።

ካርታው ከወጣ በኋላ

ለማዛወር የተላከው ውክልና ሥራው ሲያልቅ ይሻር፤ መሻሩም በተመዘገበበት ቢሮ ይመዝገብ። በምትኩ የአስተዳደር ውክልና ይሰጥ፦ ለማከራየት፣ ኪራይ ለመቀበል፣ ግብርና ሊዝ ለመክፈል፣ ለመብራትና ለውሃ ውል። በዚህ ዘመን አዲስ አበባ ላይ አንድ ነገር ይጨመርበት። ቤቱ በኮሪደር ልማት ወይም በሌላ የልማት ሥራ የሚነሳ ከሆነ ማስታወቂያው የሚደርሰው ቤቱ ላይ እንጂ ሜሪላንድ አይደለም፤ ጊዜውም አጭር ነው። ስለዚህ ወኪሉ «በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት የሚሰጥ ካሳና ምትክ ቦታ እንዲረከብ፣ በግምቱ ላይ ቅሬታና ይግባኝ እንዲያቀርብ» ሥልጣን ይኑረው። ካሳው በቤቱ ባለቤት በራሷ ስም በተከፈተ ሒሳብ ብቻ እንዲገባም እዚያው ይጻፍ። የየዓመቱን የግብር ደረሰኝ ወኪሉ ፎቶ አንስቶ ሲልክ ዋናውንም በአንድ ማህደር ያስቀምጥ፤ ለሚቀጥለው ጉዳይ ቢሮው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።